ቀለም የማይዘው ግድግዳ

በየማለዳው አንድ ብርጭቆ ውኃ እስከ አፉ እሞላና ከቧንቧው እስከ መስኮቱ ተሸክሜ እሄዳለሁ። መስኮቱ ላይ በቆርቆሮ የተተከለች አበባ አለች። ለጠየቀኝ ሁሉ አበባዋን ላጠጣ ነው ስል ኖሬአለሁ፤ የምፈትነው ግን ቀኝ እጄን ነው። ውኃው ሳይፈስ ከደረሰ ቀኑ የእኔ ነው። ከፈሰሰ አበባዋ የተረፈውን ትጠጣለች። ሰሞኑን አበባዋ ጠውልጋለች።

ሥራዬ ታፔላ መጻፍ ነው። በመንገዳችን ግራና ቀኝ ያለው የሱቅ ስም ሁሉ፣ ከልብስ ሰፊው እስከ ፀጉር አስተካካዩ፣ ከእኔ ቡርሽ የወጣ ነው። ገመድ ሳልዘረጋ ቀጥ ያለ መስመር አሰምር ነበር፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀኝ ለሁሉም እናገር ነበር። አምና ግን የልብስ ሰፊውን ታፔላ ሳድስ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፊደሎቹ ብርድ ላይ አውቶቡስ እንደሚጠብቁ ሰዎች ተሰልፈው ቀሩ። ልብስ ሰፊው ወጣና ራሱን ዘንበል አድርጎ አያቸው።

«ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት አጻጻፍ ነው?»

«አዲሱ ነው።»

«አዲሱ?»

«አሁን የመጣው።»

ትንሽ አሰበና «ያምራል» አለ። በሳምንቱ ጫማ ሻጩ መጥቶ «ለእኔም ያንን የሚንቀጠቀጠውን» ብሎ አዘዘኝ። ሕመሜ ፋሽን ሆነ ማለት ነው። ችግሩ፣ ፋሽኑ የሚመጣውም የሚሄደውም በራሱ ፈቃድ መሆኑ ነው፤ «ጫ» ላይ ስፈልገው ጠፍቶ «ማ» ላይ ሳልጠራው ይመጣል። ለማንም አልተናገርኩም። ታፔላ ጻፊ እጄ ይንቀጠቀጣል ካለ፣ ሾፌር ዓይኔ አያይም እንዳለ ይቆጠራል፤ እንጀራዬ ያቺ እጅ ናት። ከሁሉ በላይ የፈራሁት ልጄ እንዳታውቅ ነበር። ፋርማሲስት ናት። ፋርማሲስት ልጅ ያለው ሰው አንዴ ካስነጠሰ ሳምንቱን ሙሉ ይጠየቃል።

በዚህ መሐል ቀለም ነጋዴው ጠራኝ። ባለሱቆቹ ተስማምተው የመንገዱን ግድግዳ ሁሉ ቆሻሻ በማይዝ ነገር ሊያስቀቡ ነው። «ናኖ ይሉታል» አለኝ። እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው፤ የሚረጨውም በመርጫ ነው። ፊደል የለው፣ መስመር የለው። እንዲያውም መርጫ የያዘ እጅ ትንሽ ሲወዛወዝ እኩል ይዳረሳል። ሥራው እኔን አይቶ የተፈጠረ መሰለኝ።

አንዲት ወጣት ኢንጂነር መጥታ አሠለጠነችን። የተቀባ ሰሌዳ ላይ ውኃ ስታፈስ ውኃው እንደ ጠጠር ተንከባሎ ወረደ፤ ሰሌዳው ደረቅ ነው።

«ጎመን ቅጠል ላይ ጠል ሲንከባለል አይታችሁ የለም?» አለች። «ቅጠሉ ላይ ለዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጉብታዎች አሉ። እኛም የምንሠራው እነሱን መስሎ ነው። አንድ ፀጉር ለመቶ ሺህ ሰንጥቁት፤ አንዷ ስንጣቂ በግምት ናኖሜትር ትሆናለች። ጉብታዎቹ የሚለኩት በእሷ ነው።»

ራሴን ዳበስኩ። ለመሰንጠቅ የሚበቃ ፀጉር አልቀረኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰባኪ ሆንኩ። ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ በስልካችሁ ውስጥ ባለችው ቺፕ ላይ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉ፣ እነሱም በናኖ ነው የሚለኩት እላለሁ። ኢንጂነሯ በእረፍት ሰዓት የነገረችን ነው፤ እኔ ግን አንድ በአንድ እንደገጠምኳቸው አድርጌ ነው የማወራው። ፀጉር አስተካካዩ ምላሱ ከመቀሱ የሰላ ነው።

«የእኔን ታፔላ ስትጽፍ አንድ ፊደል ዘለህ በማግስቱ ነው የጨመርከው» አለኝ። «ዛሬ የማይታየውን ታያለህ?»

«የሚታየውን ማንም ያየዋል!» አልኩት። ሻይ ቤቱ ሳቀ፤ ያሸነፍኩ መሰለኝ።

መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ረጨሁት። የድሮ ጽሑፎቼ ላይም ረጨሁ፤ የሚንቀጠቀጡት ፊደሎቼ ከነመንቀጥቀጣቸው ታሸጉ። ማዕዘኑ ላይ ያለውን ባዶ ሱቅማ፣ ለሚገባበት ሰው ገድ ይሁነው ብዬ ሁለቴ ደገምኩት። ቀለም የማይዝ ግድግዳ ለታፔላ ጻፊ ምን እንደሚበጀው ያን ጊዜ ማንም አልጠየቀም። መጠየቅ የነበረበት እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ሥራ ላይ ነኝ።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ልጄ ቁልፍ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«የማዕዘኑን ሱቅ ተከራየሁት» አለች። ዓመታት በሰው መድኃኒት ቤት ስትሠራ የኖረች ልጅ ናት። እናቷ እልል አለች፤ እኔ ዓይኔን ጠረግሁ። ልጄ ቀጠለች፦ «ታፔላውን አንተ ነህ የምትጽፈው፣ አባዬ። የታተመ አልፈልግም። ግድግዳው ላይ፣ በእጅህ። ቅዳሜ ትጽፋለህ፣ ሰኞ እከፍታለሁ።»

ቁልፉን አነሳሁና መልሼ አኖርኩት።

«ግድግዳው ቀለም አይዝም እኮ» አልኩ፣ ያዘንኩ ለመምሰል እየሞከርኩ።

«ለምን?»

«ናኖ ተቀብቷል።»

«ማን ቀባው?»

ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ማን ይቀባዋል? ይኸው ፊትሽ የተቀመጠው ሳይንቲስት ነዋ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ።»

እኔ ግን በሆዴ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ግድግዳው ከእጄ ቀድሞ እምቢ ብሎልኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ እያየች መሰላሉን አቆምኩ፣ ቡርሼን ሰማያዊ ቀለም ነክሬ ግድግዳውን ነካሁት። ቀለሙ ዶቃ ዶቃ ሆኖ ተንከባለለና ጫማዬ ላይ አረፈ።

«አየሽ!» አልኩ። ደስታዬ ከድምፄ ሳይታወቅ አልቀረም።

ፀጉር አስተካካዩ ፎጣውን ትከሻው ላይ እንደጣለ ብቅ አለ። «ኧረ ጉድ! ታፔላ ጻፊ በግድግዳ ሲጠላ ዛሬ ገና አየሁ!»

ልጄ አልሳቀችም። ስልኬን ከኪሴ አወጣችና ኢንጂነሯ ጋ ደውላ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ቀላል ነው» አለች ኢንጂነሯ። «ፊደሉን በሚስማር ጫፍ ንደፉት፤ ከዚያ ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት። ሽፋኑ የተላጠበት ቦታ ቀለም ይይዛል፣ ያልተላጠበት አይዝም። ጋሼ፣ ይሄን እኮ በሥልጠናው ቀን ተናግሬ ነበር።»

ስትናገር እኔ ጥግ ላይ ስለ ቺፕ ለሰው እያስረዳሁ ነበር።

ልጄ ከቀለም ነጋዴው ሸካራውን የብርጭቆ ወረቀት ገዝታ ኪሴ ውስጥ ከተተችና መሰላሉን ያዘች። ማምለጫ የለም። ሚስማሩን አነሳሁ። ግድግዳው ላይ ሲደርስ ታ ታ ታ አለ።

«ብርዱ ነው» አልኩ። ፀሐይዋ ማጅራቴን እያቃጠለችኝ ነበር።

«አባዬ።»

«ወይ።»

«እማዬ በየጠዋቱ ከኋላህ ምን እንደምታደርግ ታውቃለህ?»

«ምን ታደርጋለች?»

«ወለሉን ትወለውላለች። ከቧንቧው እስከ መስኮቱ፣ እንዳያንሸራትትህ። ከነገረችኝ ስንት ወሩ! እሱ ራሱ እስኪናገር አትንኪው ብላ አስምላኝ ነው።»

አንድ ዓመት ሙሉ፣ ራሷን ሣር ውስጥ ቀብራ ማንም አላየኝም እንደምትል ዶሮ ኖሬአለሁ።

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን አንተ ጻፈው አልሽኝ?»

«መሰላል ላይ ሆነህ አታመልጠኝም ብዬ ነዋ! አሁን ሐኪም ጋ ልሄድ በለኝ።»

«እጄ ከሄደችስ ምን እሆናለሁ?» አልኳት። ቀልድ ፈልጌ አጣሁ።

«መጀመሪያ ምን እንደሆነ እንወቅ። መንቀጥቀጥ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የሚያስታግሰው መድኃኒትም አለ።» ቀና ብላ አየችኝ። «አንጎል ይሄን የመሰለ ግድግዳ አለው፣ አባዬ። በደም የመጣን መድኃኒት አብዛኛውን አያሳልፍም። ስለዚህ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን በናኖ በሚለኩ እሽጎች ጠቅልለው ሊያሳልፉት እየሞከሩ ነው።»

«አንቺ ጋ ይገኛል?»

«አይገኝም። ገና ሙከራ ላይ ነው። ሻይ ቤት ሄደህ እንዳትሰብክ።»

«በብርጭቆ ወረቀትስ አልሞከሩትም?»

መሰላሉ ተነቃነቀ፤ እየሳቀች ነበር። «እሺ፣ እሄዳለሁ» አልኳት።

ቀኝ አንጓዬን በግራ እጄ ይዤ ፊደሎቹን ነደፍኩ፤ ከዚያ መፈግፈግ ጀመርኩ። የብርጭቆ ወረቀት የሚንቀጠቀጥ እጅ ይወዳል፤ ከሥራው ግማሹን ሕመሜ ነው የሠራው። ሲያልቅ ልጄም መሰላሉ ላይ ወጣችና ቀለሙን ያለ አንዳች ጥንቃቄ ለቀለቅነው። ትርፉ እየተንከባለለ ወረደ፣ ፊደሎቹ ውስጥ የገባው ብቻ ቀረ፦ «መድኃኒት ቤት»። «ኒ» እግሯ ትንሽ ይብረከረካል።

ፀጉር አስተካካዩ መንገዱ መሐል ቆሞ አየው። «ይሄ አዲሱ ነው?»

«አሁን የመጣው» አለች ልጄ፣ ቀድማኝ።

ሰኞ ሱቁ ተከፈተ፤ ረቡዕ ሐኪም ጋ ሄድን። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ከመሐል ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ ጥምዝ መስመር አስነደፈኝ። አሳምሬ ነደፍኩና ከሥሩ እንደ ልማዴ ፈረምኩበት። እሱ ግን ያየው መስመሩን ነበር። ከዚያ አንጓዬ ላይ መንቀጥቀጤን የምትመዘግብ ቀጭን አምባር አሰረልኝ። ናኖ አለበት ወይ ብዬ ስጠይቀው ልጄ እግሬን ረገጠችኝ። የዕለት ሥራህን አትቀይር ስለተባልኩ ብርጭቆውን አሁንም እሸከማለሁ፤ ባለቤቴም መወልወያዋን ይዛ በግልጽ አጠገቤ ትሄዳለች።

የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት ውጤቱን ልንሰማ እንሄዳለን። ልጄ መድኃኒት ቤቱን እስከ ምሳ ሰዓት ትዘጋለች፤ አበባዋን በዚያን ቀን ባለቤቴ ታጠጣለች።