ሳላነሳው የተቆጠረው ጣት

መካነ ሰላም ሆስፒታል ነርስ ሆኜ ስሠራ እንደዚያ ወረቀት ያናደደኝ ነገር አልነበረም። የፊቱ አጥንት የተሰበረ ሰው ሲመጣ ምን ከምን ቀድሞ እንደሚደረግ የተጻፈበት ነው። መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ ደምና አንገት፣ ከዚያ ጥያቄዎቹ፦ ጥርስህ ይገጥማል? ጉንጭህ ደንዝዟል? ወደ ላይ እያየህ ስንት ጣት ይታይሃል? ለሁሉም ያው ጥያቄ፣ በዚያው ተራ። እኔ ደግሞ ነገረኛ ነበርኩ፤ ሰው በመመሪያ ይታከማል እንዴ እያልኩ አጉረመርማለሁ።

አንድ የገበያ ቀን ከከላላ ወገን አንዲት ወጣት ከእናቷ ጋር መጣች። ከሁለት ቀን በፊት ላም ስታስር የላሟ ቀንድ ከዓይኗ ሥር መቷታል። እናቷ ደጅ ቀሩ። ከእሷ በፊት ዱላ ያረፈባቸው ሁለት ሰዎች ስለነበሩ ከመጋረጃው ማዶ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች።

ተራዋ ደረሰ። ጥርሴ ይገጥማል፣ ጉንጬ አልደነዘዘም እያለች ቶሎ ቶሎ ትመልሳለች።

"አሁን ወደ ላይ እዪ" አልኳት።

"አንድ ነው።"

እጄ ገና ኪሴ ውስጥ ነበር።

ደሜ ፈላ። ለካ አግዳሚው ላይ ሆና የሰዎቹን መልስ ስትሸመድድ ኖራለች! ሁለት ጣት አነሳሁ። የተመታውን ዓይኗን ጨፈን አድርጋ "ሁለት" አለች።

"ሁለቱንም ዓይንሽን ግለጪ።"

ሁለቱንም ገለጠች። በቀስታ "አራት" አለችኝ።

ሁለቱ አራት ሆኖ ከታያት፣ የዓይኗን ጡንቻ የተሰበረው አጥንት ይዞታል ማለት ነው። ወረቀቱ እዚህ ላይ አያወላውልም፦ በዚያው ቀን ወደ ደሴ። ከዘገየች ዓይኗ እንደዚያው ሊቀር ይችላል። የማስተላለፊያውን ቅጽ ሳብኩ።

እጄን ያዘችኝ። "ሲስተር፣ አፈር ስሆን፣ አንዱ አንድ ሆኖ ይታያታል ብለሽ ጻፊው። ቪዛዬ መጥቷል፤ ማክሰኞ በረራ ነው። ከቀረሁ ደላላው ሌላ ሰው ይተካል። ወላሂ፣ ሁለተኛ አይጠራኝም።"

"ዓይንሽስ?"

"ወለል ለማጠብ አንዱ ይበቃኛል።"

ጮኽኩባት። አብደሻል ወይ፣ ሞኝ ነሽ ወይ፣ ያልኩትን ሁሉ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ጩኸቴን ስጨርስ "አንቺማ ደመወዝ አለሽ" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የእኔ እንጀራ ዓረብ አገር አልነበረም።

ቢሆንም ጻፍኩ። ያየሁትን ጻፍኩና ማኅተም ላስመታ ሮጥኩ፤ በወረኢሉ በኩል ወደ ደሴ የሚሄደው መኪና ሊነሣ ነበር።

ስመለስ ልጅቷ ደጅ ከእናቷ ጎን ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ለእናቷ ምንም አልነገረቻቸውም። እኔም ወረቀቱን ስሰጣቸው "ዛሬውኑ ደሴ ትታይ" ከማለት በቀር፣ ከበረራው ትቀራለች ለማለት አፌ አልታዘዝልሽ አለኝ።

እናቷ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ግንባራቸውን አስነኩት።

"አላህ ይስጥሽ የኔ ልጅ" አሉኝ። "ለማክሰኞው በረራ እንድትደርስልን ብለሽ እንዲህ ስትሮጪ አየሁሽ።"

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ።

"አሚን" አልኩ።