ቆጣሪው የቀነሰበት ሳምንት

ሥራ የጀመርኩ ቀን ዶክተር ይልማ፣ ቦንጋ ከተማ ባለው የመሥሪያ ቤታችን ግቢ ጥግ ወዳለች የቆርቆሮ ክፍል ወሰዱኝ። እስከ አምስተኛ ክፍል ብቻ ስለተማርኩ ለጽዳት የተቀጠርኩ መስሎኝ መወልወያ ይዤ ነበር። እሳቸው ግን ደብተርና እስክሪብቶ ሰጡኝ።

ክፍሉ ውስጥ በጥቁር ፕላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ሳጥኖች ተደራርበዋል። "ከጠፈር የሚመጡ ቅንጣቶች አየሩን ሲመቱ ሌሎች ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። እነዚያ ጣሪያውንም እኛንም አልፈው ይሄዳሉ" አሉኝ። "አንዱ ሁለቱንም ሳጥን ሲያልፍ ቆጣሪው አንድ ይላል።"

"ልጅ አይጎዳም? ልጄ ማርታ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እዚህ ነው የምትጠብቀኝ።"

"ቤትዎ ውስጥ ስትሆንም ይወርድባታል፤ አይጎዳትም።"

አላመንኳቸውም። ለሳምንት ያህል ጭንቅላቷን በነጠላዬ ስሸፍናት ሰነበትኩ።

በየሰዓቱ የቆጣሪውን ቁጥር፣ የአየር ግፊቱንና የክፍሉን ሙቀት እጽፋለሁ። ግፊቱ ሲጨምር ቁጥሩ በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ይህን ከደብተሩ ራሴ ተማርኩ። ወር ሲያልቅ ዶክተሩ ከአዲስ አበባ መጥተው ደብተሩን ይወስዳሉ።

ጥበቃው ጋሽ ገብሬ "ዛሬስ ሰማይ ስንት ላከልሽ?" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

"ለእርስዎ የላከው የለም" እላቸዋለሁ።

አንድ የክረምት ሳምንት ቁጥሩ ወረደ። ግፊቱ እንዳለ ነው። ጣሪያው ያፈስ ስለነበር ውሃ የገባ መሰለኝና ፕላስቲኩን ዳበስኩት፤ ደረቅ ነው። በማግስቱ ይብሱን ወረደ።

"አበላሸሁት መሰለኝ" አልኳቸው ለጋሽ ገብሬ።

"ደውዪላቸዋ።"

"ቢያባርሩኝስ? ማርታን በምን አስተምራታለሁ?"

"እኔ በር ነው የምጠብቀው" አሉኝ።

አልደወልኩም። ያለፈውን ሳምንት ገጽ ገልጬ፣ እዚህም እዚያም ትንሽ እየጨመርኩና እየቀነስኩ ቁጥሮቹን ወደ አዲሱ ገጽ ገለበጥኩ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወደ ቦታው እስኪመለስ እንዲሁ አደረግኩ።

ዶክተር ይልማ ወሩ ሳያልቅ መጡ። ፊታቸው ፈክቷል።

"ፀሐይ ላይ ትልቅ ፍንዳታ ነበር" አሉኝ። "ከሷ የተረጨው ነገር ከሩቅ ጠፈር ለሚመጡት ቅንጣቶች መንገድ ዘጋባቸው። ሌላ አገር ያሉ ቆጣሪዎች ሁሉ ቀንሰዋል። የእኛም ይህን ካሳየ ሊዘጉት ያሰቡት ይህ ጣቢያችን አይዘጋም፤ አለቆቼ የሚጠብቁት ይህንኑ ነው።"

ደብተሩን ገልጠው በጣታቸው መስመር በመስመር ወረዱ። ደግመው አዩት።

"አልቀነሰም" አሉ።

"ቀንሶ ነበር" ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"እውነተኛውን የትም አልጻፉትም?"

"የትም።"

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "ሊቀንስ እንደሚችል እኔም አልነገርኩዎትም" አሉና ደብተሩን ዘግተው መለሱልኝ።

ክረምቱ ሳይወጣ ፒክአፕ መጥቶ ሳጥኖቹን ወሰዳቸው። ማንም አላባረረኝም። ወደ ጽዳት ተዛወርኩ፤ ማርታም ትምህርቷን ቀጠለች። የቆርቆሮዋ ክፍል የወንበር ማስቀመጫ ሆነች።

እንዲህ ዓይነት ሥራ ለምትጀምሩ፦ ያነበባችሁትን ቁጥር ጻፉ። ካላመናችሁት ከጎኑ "አላመንኩትም" ብላችሁ ጻፉ። ያለፈ ሰዓት ተመልሶ አይነበብም።