አጎበር የለበሰው ፖም

ሰፈሩ «ጋሽ ወልዴ» የሚለው ወልደተንሣኤ ዕድሜውን የፈጀው የሰው ፍሬ በማመላለስ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበርና ከቆላ ሙዝና ብርቱካን ጭኖ የደብረ ሲናን ዳገት ሲወጣ ሽታው እስከ ጋቢናው ይከተለው ነበር። «አንድ ቀን ከገዛ ጓሮዬ ቆርጬ እበላለሁ» ይል ነበር ለራሱ። ጡረታ የወጣ ሰሞን ደብረ ብርሃን ባለው ጓሮው፣ ከአጥሩ አጠገብ የፖም ችግኝ ተከለ። ጎረቤቱም እየተከተለ ተከለ። የሌላው ሁሉ አፈራ፤ የእሱ ግን በየዓመቱ ያብብና አበባውን አራግፎ ዝም ይላል።

የጓሮው ትክክለኛ አዛዥ ሚስቱ በሰለች ናት። ጎመኑም፣ ድንቹም፣ ቀይ ሥሩም፣ ነጭ ሽንኩርቱም የእሷ ነው፤ ቤቱ የሚበላውም ከዚያ ነው። ፖሙ በጎመኗ ላይ ጥላ ከመጣል በቀር ለማዕድ ያመጣው ነገር ስለሌለ አንድ ቀን ቁርጡን ነገረችው።

«ዘንድሮ ካላፈራ ይቆረጣል። ጎመን እተክልበታለሁ።»

«ዛፍ እኮ ነው በሰለች! ልጅ አሳድገሽ የለ? ትዕግሥት ይፈልጋል።»

«ልጆቼማ ቢያንስ ውሃ ይቀዱልኝ ነበር።»

ወልደተንሣኤ ደነገጠ። ያለ ዛፉ እሱም ጡረተኛ ብቻ መሆኑ ነው። ጥፋቱ የዛፉ እንዳልሆነ ደግሞ በልቡ ያውቃል፤ የለተጊዮርጊስ ዓይን ነው። ለተጊዮርጊስ ከአንኮበር የመጣች፣ ድስትና ጀበና ሠርታ የምትሸጥ፣ በቆርቆሮ አጥር የምትዋሰነው ጎረቤቱ ናት። እናቷም አያቷም ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ «ቡዳ ናት» ለሚለው የሰፈሩ ሐሜት ይህ በቂ ማስረጃ ነው። ወልደተንሣኤ ግን አገር ያየ ሰው ነውና በቡዳ አያምንም። በዕድር ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ይህ የኋላ ቀር ወሬ ነው» ብሎ ያውቃል። ዛፉ መጀመሪያ ባበበ ዓመት ለተጊዮርጊስ በአጥሩ ላይ አሻግራ «እንዴት ያምራል!» ስትልና ማታውን በረዶ ሲወርድ ግን፣ አለማመኑን ለዕድሩ ትቶ አጎበር ፍለጋ ገባ።

በሹፌርነት ዘመኑ ቆላ ሲያድር የሚተኛበት የወባ አጎበር ነበረው። ከዚያ ወዲህ አበባ በወጣ ቁጥር ዛፉን ከራስ እስከ እግሩ ያለብሰዋል። ባላፈራ ቁጥር ደግሞ ዓይኗ ምን ያህል ቢከፋ ነው ይላል። ዘንድሮማ ሁለተኛ ደረበበት።

«ዛፉ ሙሽራ ነው ወይስ በሽተኛ?» አለች በሰለች።

«ለውርጭ ነው።»

«ውርጩማ በጥር አለፈ። ደግሞስ ውርጭ በቀዳዳ አይገባም ያለህ ማነው?»

ተቆጥቶ የአጎበሩን ጫፍ ከግንዱ ጋር ጠፍሮ አሰረው።

ክረምቱ አልቆ መስከረም ሲጠባ አጎበሩን ገልጦ አየ። ቅጠል ብቻ። በሰለች መጥረቢያውን አምጥታ ከግንዱ ሥር አኖረችለት። በራሱ እጅ እንዲቆርጠው መፍረዷ ነው።

መጥረቢያውን ሳያነሣ በሩ ተንኳኳ። ለተጊዮርጊስ ናት። በሰፌድ የያዘችው ቀላ ቀላ ያለ ፖም ነው።

«የእርስዎ ነው፣ ጋሽ ወልዴ» አለች። «አንዱ ቅርንጫፍ ዘንድሮ አጥሩን አልፎ ወደ እኔ ግቢ ዘልቆ ነበር። እስኪበስል ወፍ ሳባርርለት ከረምኩ። ደኅና ዋሉ።» ሰፌዱን ለበሰለች አቀብላ ተመለሰች።

ወልደተንሣኤ ድንጋይ ላይ ወጥቶ በአጥሩ አሻግሮ አየ። እውነትም አጎበር ያልደረሰበት ቅርንጫፍ ለተጊዮርጊስ ሸክላ በምትሠራበት ቦታ ላይ አጎንብሷል። ክረምቱን ሙሉ ከሥራዋ ቀና ባለች ቁጥር ስታየው የከረመችው ይህንኑ ቅርንጫፍ ነው።

«ንብ አጎበር ገልጣ አትገባም፣ አንተ ሰው!» በሰለች እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «በገዛ እጅህ ዘግተህባት ኖረሃል።»

ቀድማ ገመጠች። እሱም አንዱን አገላብጦ፣ በጋቢው ጠርጎ፣ እንደገና ጠርጎ ገመጠ። በጣም ይጣፍጣል፤ ይህም የባሰ አሳፈረው። በሰለች መጥረቢያውን ወደ ቤት መለሰች፤ አጎበሩንም ራሷ ቀድዳ አወረደችው። ከዚያ የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስምና ሰፌዱን በጎመን ሞልታ አስታቀፈችው።

«አንተው አድርስ። ግቡ፣ ቁጭ በሉ ካለችህም ቁጭ በል። ይህን ሁሉ ዓመት ቤቷ እህል ቀምሰህ አታውቅም።»

ሄደ። መንገዱን ሁሉ ይቅርታ የሚጠይቅበትን ቃል ሲመርጥ ነበር፤ ደግሞም ከልቡ ነው። ደጃፏ ደርሶ አንኳኳ። የእግሯ ኮቴ ሲሰማው ግን ቀኝ እጁ ሳያዘው ተነሥቶ አማተበ። በሩ የተከፈተው እጁ ገና ትከሻው ላይ ሳለ ነው።

ለተጊዮርጊስ እጁን አየች፤ ፊቱን አየች። ቤቷ ውስጥ የወጥ ሽታ ነበር። ሰፌዱን ከነጎመኑ ተቀበለችው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ወልዴ» አለችና፣ ግቡ ሳትለው፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች።