ለድንች የተጎዘጎዘ ሳር

ልጅ እያለሁ አሰላ፣ እኛ ሰፈር፣ ቤት ውስጥ ሳር የሚጎዘጎዘው ለበዓል ብቻ ነበር። እኛ ቤት ግን አንድ እሑድ ለድንች ተጎዝጉዟል። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ፤ ይሳቁ። እኔ እኮራበታለሁ።

እናቴ ነርስ ነበረች፤ መንግሥት ከደብረ ብርሃን አዛውሯት ነው አሰላ የገባችው። በአካባቢው ዘመድ የሚባል አልነበራትም። ታናሽ ወንድሜን ስትወልድ ያረሷት ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ነበሩ፤ አዴ በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት ነው። በቅቤ የራሰ የገብስ ጩኮ፣ እርጎና ትኩስ ወተት በአጥራችን ቀዳዳ ሲገባ ከረመ። ከእኛ ወደ እሳቸው የሚሻገር ነገር ግን አልነበረም። እሳቸው ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን፤ ሥጋችን አይገናኝም፤ ሥጋ የተሠራበት ድስትና የቀረበበት ሳህንም እንደዚያው። አዴ ፋጡማ ቤታችን ሲመጡ ውኃ እንኳ ሲቀርብላቸው "አልጠማኝም" ይሉ ነበር። እናቴን ይህ ነገር ያንገበግባታል። "ከእጃቸው ስበላ ኖሬ፣ አንድ ቀን ሳላበላቸው ቢያዛውሩኝ ምን ይውጠኛል?" ትላለች።

መላው የተገኘው ከእኔ አፍ ነው ብል ጉራ አይሁንብኝ። ከትምህርት ቤት ጭላሎ ተራራ ግርጌ ሽርሽር ሄደን፣ እኔ ከቤት ይዤው ሄጄ ፍም ውስጥ የጠበስኩትን ድንች የአዴ ፋጡማ ልጅ ዘይቱና በልታ ነበር። ቤት ስመለስ ይህን ሳወራ እናቴ የያዘችውን ሥራ አቆመች።

"በምን ላይ አድርጋ በላችው?"

"በቅጠል። ሜዳ ላይ ሳህን የለማ።"

አባቴ "እንግዲያው አዴን ሜዳ ውሰጃቸዋ" ሲላት፣ "ሜዳው የማንም ነው። እኔ ማብላት የምፈልገው ቤቴ ነው" አለችው።

እሑድ ጠዋት ጠረጴዛና ወንበሩን ወደ ጓዳ ገፋን። እኔና አባቴ ወንዝ ዳር ወርደን ሳር አጭደን ስንመለስ ያገኘን ሁሉ "የምን በዓል ነው?" ይለናል። የቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ እሱ ያልሰማው ስብሰባ ያለ መስሎት ደነገጠ። እናቴ የኮባ ቅጠል አጥባ ሳሩ ላይ ዘረጋች፤ ድንቹን ከነልጣጩ ፍም ውስጥ ቀበረች። አዋዜዋን ያለ አረቄ የማትበጠብጠው ሴትዮ፣ ያን ቀን በርበሬውን ከገበያ በመጣ አዲስ ጣባ ውስጥ በሎሚ በጠበጠችው። ቤቱ እርጥብ ሳርና የተቃጠለ የድንች ልጣጭ ሸተተ።

አዴ ፋጡማ ዘይቱናን አስከትለው ገቡ፤ እንደ ልማዳቸው ጩኮ ይዘዋል። ሳሩን አዩ፣ ቅጠሉን አዩ፣ ምድጃውን አዩ። እናቴ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ "አዴ፣ ሽርሽር ነው። ድስቴም ሳህኔም አልነካውም፤ እሳትና ቅጠል ብቻ ነው" አለቻቸው። እምቢ ቢሏት ዳግመኛ እንደማትሞክር እኔም አውቅ ነበር።

አዴ ፋጡማ ጫማቸውን አውልቀው ሳሩ ላይ ተቀመጡ። አንድ ድንች አንሥተው፣ እፍ እፍ እያሉ ልጠው፣ በርበሬው ውስጥ ነክረው ጎረሱ። አላመጡና ሁለተኛውን አነሡ።

"ልጄ፣ የወጥሽ ሽታ ባጥር እየገባ ስንት ዘመን አስራበኝ" አሉ።

እናቴ ሳቀች፤ ሳቁ ሳያልቅ ዕንባዋ መጣ። "ይብሉልኝ፣ ይብሉልኝ" አለቻቸው። ድንቹም ጩኮውም አብሮ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ክረምቱ በጠና ቁጥር ሌሎች ጎረቤቶችም እየተጨመሩ ቤታችን የሰፈሩ ሜዳ ሆነ። ሰዉ እናቴን "የሽርሽሯ ነርስ" ይላት ጀመር፤ እኔም ትምህርት ቤት አፌን ሞልቼ የማን ልጅ እንደሆንኩ እናገር ነበር።

ዛሬ ከእኩዮቼ ጋር ስንገናኝ "ያኔ እኮ ፍቅር ነበር" እንባባላለን፤ ፍቅሩ ከሰማይ የወረደ ይመስል። እኔ ሲሠራ አይቻለሁ። እናቴ ተጨንቃ፣ መላ መትታ፣ ሳር አሳጭዳ ያመጣችው ነው። አሁን የምኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ላይ ሰላምታ ተለዋውጠን በራችንን እንዘጋለን። ባለፈው ሳምንት ግን ፊት ለፊቴ የሚኖሩትን እናት በር አንኳኳሁ። ሲከፍቱልኝ፣ "እትዬ፣ የማይበሉት ምንድን ነው?" አልኳቸው።