ወደ ግድግዳ የዞረው ዋንጫ

ሚስተር አውትዌት የሚቀመጡበት ወንበር ዛሬም በቦታው አለ። ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ወስዳኝ አየሁት። ትራስ አድርገውበታል፤ እሳቸው ትራስ አይወዱም ነበር።

መጠጥ ቤቱ እዚሁ ዮርክ፣ ከከተማው ግንብ በስተውስጥ ያለው የጥንት የሠረገላ ማረፊያ ነው፤ «ጥቁሩ አውራ በግ» ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከባንኮኒው ኋላ ቆሜ ቢራ ቀድቼበታለሁ። ሚስተር አውትዌት ዕድሜያቸውን በሙሉ ባቡር ፋብሪካ ውስጥ የፉርጎ በር ሲሠሩ የኖሩ አናጢ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ በየቀኑ ከረፋዱ አምስት ተኩል ላይ፣ በሩን እንደከፈትን ይገባሉ። አንድ ቢራ ጠጥተው ወደ ቤት።

«ዛሬም ቆመሻል፣ ሂልዳ?» ይሉኛል።

«ወንበሩን እርስዎ ይዘውብኝ የት ልቀመጥ?» እላቸዋለሁ።

አሥራ ሁለት ዓመት ወሬያችን ይኸው ነበር።

በዚያ ቤት ነባር ጠጪ ሁሉ የራሱ የቆርቆሮ ዋንጫ አለው፤ ከባንኮኒው ኋላ በመንጠቆ ይሰቀላል። በሕይወት ያለ ሰው ዋንጫ አፉ ወደ ሰው ነው። ባለቤቱ ሲሞት አፉ ወደ ግድግዳ ይዞርና ሳምንት እንደዚያው ይሰነብታል። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ስገባ ደርሼበታለሁ።

ያን ማክሰኞ ዋንጫዎቹን አውርጄ እወለውል ነበር። የመጨረሻውን ስሰቅል ቢራ ጫኙ መኪና ከውጭ ጡሩንባውን ነፋ። የግቢው ቅስት በር ለፈረስ የተሠራ ስለሆነ፣ መኪና ሲገባ አንድ ሰው ወጥቶ «ወደ ግራ፣ ትንሽ፣ በቃ» ማለት አለበት። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ዋንጫውን እንደነገሩ አንጠልጥዬ ሮጥኩ።

ስመለስ ሚስተር አውትዌት ገብተው ቆመዋል። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነው።

«የተለመደው ነው?» አልኳቸው።

«ዛሬ በብርጭቆ ይሁንልኝ» አሉ።

ግማሹን ትተው «ሊዘንብ ነው መሰል» ብለው ወጡ። እኒያ ሰው ቢራ ሲተዉ አይቼ አላውቅም፤ መጠየቅ ነበረብኝ። የኛ አገር ሰው ግን እንዲህ ያለውን አይጠይቅም። ስለ ዝናቡ ያወራል።

ረቡዕ አምስት ተኩል ሆነ፤ የሉም። ስድስት ሆነ።

«ጉንፋን ይዟቸው ይሆናል» አለ የቤቱ ጌታ ዊልፍሬድ።

«ጉንፋን ሲይዛቸው መቼ ቀርተው ያውቃሉ?»

«እውነትሽን ነው። ይዘው መጥተው ያካፍሉን ነበር።»

ልስቅ ቀና ስል ዋንጫቸውን አየሁት። አፉ ወደ ግድግዳ ዞሯል።

«ዊልፍሬድ፣ ይህን ማን አዞረው?»

«አንቺ አይደለሽ የወለወልሽው?» አለና ፊቱ ልውጥ አለ። «ነገ የልብ ኦፕራሲዮን አላቸው እኮ። ለማንም እንዳትናገር ብለውኛል።»

ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ወጣሁ። የወንዙን ድልድይ እንዴት እንደተሻገርኩ አላስታውስም። ቤታቸው ስደርስ መጋረጃው በቀትር ተዘግቷል፤ እኛ ዘንድ ቀን መጋረጃ የሚዘጋው አስከሬን ያለበት ቤት ነው። ጠዋት የሚመጣላቸው ወተት ሳይነሣ ደጃፉ ላይ እንዳለ ነው። አንኳኳሁ፤ ያውም ጎረቤት እንዳይረበሽ ቀስ ብዬ። መልስ የለም። ተንበርክኬ በደብዳቤ መክተቻው ቀዳዳ ተጣራሁ።

«ሂልዳ ነኝ። ይክፈቱልኝ፣ እባክዎ።»

ብዙ ቆየ። ከዚያ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

የከፈቱልኝ የቀብር ልብሳቸውን ለብሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ የቤቱ ቁልፍ፣ የዕድር ወረቀታቸውና ለእህታቸው የተጻፈ ደብዳቤ ተደርድሯል።

«ነገ አልሄድም» አሉኝ። «ከሆነ አይቀር በገዛ አልጋዬ ይሁን።»

«ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ በችኮላ ነው።»

«ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል? ግን እጅሽ ካንቺ ቀድሞ አውቆ ይሆናል።»

«የኔ እጅ? ትናንት ሻይ ውስጥ ጨው የጨመረ እጅ ነው ነገን የሚያውቅ?»

አልሳቁም። «መልሰሽዋል?» አሉኝ።

ስወጣ እንደዞረ ትቼው ነበር። አዎ ብላቸው ምን ነበረበት? ግን አልቻልኩም።

«አልመለስኩትም።»

ኮፍያቸውን አነሡ። «እንግዲያው ሌላ ሰው አይንካው።»

አብረን ሄድን። ድልድዩ ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው አጥሩን ይዘው ቆሙ፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። እዚሁ ወድቀው ቢቀሩ ገዳያቸው እኔ ነኝ እያልኩ እርምጃቸውን እቆጥር ነበር። ስንገባ ጠጪው ሁሉ አጎንብሶ የየራሱን ብርጭቆ ያይ ጀመር። ሚስተር አውትዌት ከባንኮኒው ኋላ አልፈው፣ ዋንጫውን በገዛ እጃቸው ወደ ሰው አዞሩት።

«ልቅዳልዎ?» አለ ዊልፍሬድ።

«የለም፣ ዶክተሩ ከልክሎኛል» አሉ። «ነገ ጠዋት ሆስፒታል ነኝ።»

አሥራ አንድ ቀን ያን ዋንጫ አልነካሁትም። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ እሱን አያለሁ፣ ከዚያ ስልኩን። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አምስት ተኩል ላይ፣ ከስተው፣ አንገትጌው ሰፍቷቸው ገቡ።

«ምነው አቧራ ለበሰ? እዚህ ቤት መወልወል ቀረ እንዴ?»

«የራስዎን ራስዎ ይወልውሉ» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲያ ስድስት ዓመት፣ ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ ጨርቁን አቀብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ይወለውላሉ። ቀናቸው ሲደርስ ዋንጫውን ያዞረው ዊልፍሬድ ነው። እኔ ግቢ ወጥቼ ነበር፤ መኪና ግን አልመጣም።