ለፈተና የወረደ ሙሾ

የከብት ሐኪሙ ታምራት እንግሊዝኛ አያንሰውም። በደብረ ታቦር እንደሚወራው ከሆነ፣ ከፋርጣ እስከ እስቴ ያለች ላም ሁሉ ሆዷ ሲነፋ የበሽታዋን ስም መጀመሪያ የምትሰማው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከመርፌው በኋላ ለሳምንት ከሌሎቹ ከብቶች ጋር መግባባት ያቃታት ጊደርም አለች ይባላል። ይህ ሁሉ እንግሊዝኛ ግን ሊያስተምረው ቃል የገባለትን የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ አላጠገበም። የንግግር ፈተና ተፈትነህ በቂ ነጥብ አምጣ አሉት። ሁለት ጊዜ ተቀመጠ፣ ሁለቴም በአንድ ጥያቄ ወደቀ።

ፈታኞቹ የሚታዩት በኮምፒውተር መስታወት ውስጥ ነው። ስለ ደስታ ሙዚቃ ሲጠይቁት የታምራት አፍ እንደ ክረምት ጅረት ይፈስሳል፤ ሙሽራውን ያስገባል፣ ሙሽሪትን ያስወጣል፣ ሚዜዎቹን ትከሻቸው እስኪገነጠል ያስጨፍራል። «ሲያዝኑስ ምን ዓይነት ሙዚቃ ይሰማሉ?» ሲሉት ግን «አልሰማም» ይልና ዝም። እውነቱን ነበር። በሱ አገር ሰው ሲያዝን ሬዲዮ ይዘጋል እንጂ አይከፍትም። ፈታኞቹ ግን ሁለት ደቂቃ ሙሉ እንዲያወራላቸው ይፈልጋሉ።

ሦስተኛው ፈተና የመጨረሻው ነበር። ይህን ከሳተ የዩኒቨርሲቲው በር ይዘጋል፤ ታምራትም ዕድሜውን በሙሉ በላም ጅራት ሥር ሊጨርስ ነው።

አብራው የምታጠናው አዲስዓለም ናት፣ ከቤሩት የተመለሰች የጉና ልጅ። «አክስቴ እማማ አልማዝ አልቃሽ ናቸው» አለችው። «እሳቸው ሙሾ ሲያወርዱ ሬሳው ራሱ መሀረብ ይጠይቃል። ሂድና ስማ፤ ከዚያ የምታወራው አታጣም።»

ሄደ። ሚኒባሱ ጉና ግርጌ ካወረደው በኋላ በገብሱ መሐል ሽቅብ ወጣ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። እማማ አልማዝ ደጃፋቸው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«ማን ሞተብህ ልጄ?»

«ማንም አልሞተብኝ እማማ። ለፈተና ፈልጌው ነው።»

«ሬሳ የሌለበት ሙሾ አላወርድም። ሙሾ ስም ይፈልጋል።»

«ታዲያ በኔ ስም ያውርዱት።»

አሮጊቷ ከእግሩ እስከ ራሱ፣ እንደ ልብስ ሰፊ፣ ቀስ ብለው ለኩት።

«የቆመ ሰው ስም ከወረደ መመለስ አለበት» አሉ። «ስምህን መጨረሻ ላይ በእልልታ እመልስልሃለሁ። እስከዚያ ከዚህ መደብ አትነሣም። ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ እማማ» አለ፤ ስልኩንም መቅረጫው ላይ አደረገ።

ጀመሩ።

«ጥርሴ ቢንገጫገጭ ብርድ ነው አትበሉ፣
ታምራት ከሄደበት የተመለሱ የሉ።»

ከማዶ ድንች ይቆፍር የነበረው ጎረቤታቸው ወርቁ ድምፁን እንደሰማ ዶማውን ጥሎ እየጮኸ መጣ። ለቅሶ የሰማ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይጠይቃል።

«ወየው ወንድሜን… ማን ነው የሞተው?»

«ታምራት» አሉ እማማ አልማዝ።

«የትኛው ታምራት?»

«እኔ ነኝ» አለ ታምራት።

ወርቁ አየው። አንዴ ጀምሯልና ለቅሶውን አላቋረጠም።

ሁለት ደቂቃው ሞላ። ሚኒባሱም ታች መንገድ ላይ ጥሩምባውን እየነፋ ነበር። ታምራት ተነሣ።

«ይበቃኛል እማማ። የሚፈለገው ይቺው ናት።»

«ተቀመጥ።»

«መኪናው ጥሎኝ ሊሄድ ነው። ሌላ ቀን ስመጣ ይጨርሱልኛል።»

እማማ አልማዝ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ወርቁ ከልማዱ «ነፍስ ይ—» ብሎ ጀመረና ቃሉን በመዳፉ አፈነው።

ወሬው ከሚኒባሱ ቀድሞ ደብረ ታቦር ገባ። ባለባጃጁ ሊያሳፍረው ቆመና ፊቱን ሲያይ ባዶውን ሄደ። አከራዩ በሩን ሲከፍቱለት፣ ሞቷል ብለው የክፍሉን ዕቃዎች ውጭ አውጥተው ደርድረዋቸው ነበር። ታምራት ሳቀ። ያን ሰሞን ሳቅ አበዛ፤ ሌሊት ግን የቀረጸውን ሲያዳምጥ፣ ድምፁ የሚቆረጥበት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚሰማ ነገር ያለ ይመስለው ጀመር። ስልኩን ያጠፋና ጆሮውን ያቆማል።

በፈተናው ዋዜማ አዲስዓለም መጣች።

«አክስቴ ታመዋል» አለች። «ድምፃቸው እየተዘጋ ነው። በእጃቸው አንተን እየጠሩ ነው። ጠዋት እንሂድ።»

«ጠዋት ፈተናችን ነው እኮ።»

«የኔ ይቅር። ያንተም ይቅር።»

«ፈተናው እንዳበቃ እሄዳለሁ። ምን ያስቸኩላል?»

«ድምፃቸው ጭራሽ ከጠፋ ስምህን በምን ይመልሱልሃል?» አለችው።

አልሄደም።

ፈታኙ በዚህ ጊዜ ደግ ፊት ያለው ሽማግሌ ሆነ። የደስታውን ሙዚቃ ጠየቀው፤ ታምራት ሠርጉን አወረደለት። የሐዘኑን ጠየቀው። ታምራት ገብሱን፣ ብርዱን፣ አሮጊቷን፣ የሚንገጫገጨውን ጥርስ ተረከ። ማን እንደሞተ ግን አልተናገረም። ሽማግሌው ብዕሩን አስቀምጦ ወደ መስታወቱ ተጠጋ።

«እንዴት ያለ ዘፈን ነው። መጨረሻው የደስታ ነው ወይስ የሐዘን?»

ታምራት ከመደቡ የተነሣው ሙሾው ሳያልቅ ነበር። እልልታው እንዴት እንደሚመጣ፣ ስሙ በምን ቃል እንደሚመለስ አልሰማም። የሚያውቀው የቀብሩን መጨረሻ ነው፤ እሱን ከልጅነቱ ጀምሮ ሺህ ጊዜ አይቶታል። የፈታኙ ቅንድብ እንደ ድሮዎቹ ፈታኞች ዝቅ ሲል አየ። በሩ ሲዘጋ ታየው፤ የላሟም ጅራት ታየው።

«የሐዘን ነው» አለ።

ከዚያ ያለ አንዲት ስሕተት ተናገረው። አፈሩ እንደሚመለስ፣ ካህኑ እንደሚፈታ፣ ሕዝቡ ነፍስ ይማር ብሎ ወደየቤቱ እንደሚበተን፣ ከዚያም በኋላ ሟቹን በስሙ የሚጠራው እንደሌለ። ፈታኙ ፈገግ ብሎ ረጅም ነገር ጻፈ።

አዲስዓለም ተራዋን ስትጠብቅ በረንዳው ላይ አገኛት። ዓይኗ ቀልቷል፤ ከጉና ገና የተደወለበትን ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ምን ጠየቁህ?»

«ያንኑ። በዚህ ጊዜ የተሳካልኝ ይመስለኛል።»

«እንዴት መለስክ?»

«እስከ መጨረሻው ነገርኩት።»

«መጨረሻው ምንድን ነው አልከው?»

«የሐዘን ነው አልኩት» አለ ታምራት። አዲስዓለም ፊቱን ጥቂት አየችው፤ ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቃ ለበሰችና ወንበሯን ከሱ ራቅ አደረገች።