ጤነኛ ሽማግሌ ፍለጋ

አባቴ የደም ካንሰር እንዳለባቸው የዓባይ ማዶ ባጃጅ ነጂ ሳይቀር ያውቃል፤ የነገሩት ራሳቸው ናቸው። «ቀስ ብሎ የሚሄድ ዓይነት ነው፤ እንደኔው ሽማግሌ ነው» እያሉ ይስቃሉ። የደበቁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከልጅነታቸው አብረዋቸው ዜማ ለተማሩት፣ አሁን ከከተማው ወጣ ብሎ ሰባታሚት ለሚኖሩት መሪጌታ። ለእሳቸው «የደም ግፊት ነው» ተብሏል።

ምክንያቱን ብጠይቃቸው ተቆጡ። «ካወቀ ያዝንልኛል። ካዘነልኝ ደግሞ በክርክር ሆን ብሎ ይሸነፍልኛል። ያን ጊዜ ነው የምሞት!» ሁለቱ ተገናኝተው በዜማ ሳይጨቃጨቁ ተለያይተው አያውቁም። አባቴን ከኪኒኑ እኩል ያቆማቸው ያ ጭቅጭቅ እንደሆነ እኔም አምናለሁ።

ችግሩን ያመጣው ሐኪማቸው ነው። ትሑት ወጣት ነው፤ ጥናት ይሠራል። እንደ አባቴ ባሉ ታማሚዎች ደም ውስጥ ዚንክ፣ መዳብና ሴሊኒየም ምን ያህል እንዳለ ሊለካ ፈለገ። እነዚህ ማዕድናት በጥቂቱ ሲገኙ ሰውነትን ከውስጥ እንደ ዝገት ከሚበላው ነገር ይከላከላሉ አለን።

«ዝገሃል በለኛ!» አሉ አባቴ።

«እሱን ነው የምናየው፣ አባ።»

«የቤቴ በር ማጠፊያ ከዛገ ስንት ዘመኑ! ይኸው ይዘጋል። ለካኝ።»

ሐኪሙ ለማነጻጸሪያ በዕድሜ የሚቀራረባቸው ጤነኛ ወንድ ይዘው እንዲመጡ ለመናቸው። ቀላል መስሎን ነበር። ነገር ግን ጠዋት ጠዋት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» የሚሉት የሰፈራችን ሽማግሌዎች መርፌ እንዳለበት ሲሰሙ ተራ በተራ ታመሙ። አንዱን ኩላሊት ያዛቸው፣ ሌላውን ጨጓራ፤ ገና ትናንት እንጨት ሲፈልጡ ያየኋቸው ሰውዬ «ነፋስ መታኝ» አሉ። «ከዚህ ሁሉ ድውይ ጤነኛው እኔ ነኝ!» አሉ አባቴ ተስፋ ቆርጠው። የቀሩት መሪጌታ ብቻ ነበሩ።

አባቴም ዘዴ ፈጠሩ። «ለጥናት ጤነኛ ሽማግሌ ይፈልጋሉ። እኔም ለዚሁ ነው የምሄድ፤ አንተም ና» አሏቸው።

በቀጠሯችን ቀን ሁለቱም እህል ሳይቀምሱ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ የሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ነርሷ ሁለት ብልቃጥ ይዛ መጣች።

«ታማሚው የትኛው ናቸው?»

አባቴ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። መሪጌታ አባቴን አዩ፣ እኔን አዩ፤ ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ብድግ አሉ።

«እኔ ነኝ።»

ነርሷ ምንም አልተጠራጠረችም፤ መሪጌታ ከሲታ ናቸው፣ የአባቴ ጉንጭ ግን ሙሉ ነው። ብልቃጡ ላይ ልትጽፍ ስትል፣ ደማቸው ሊምታታ ነው ብዬ ጮኽሁ።

«አይደሉም! ታማሚው አባቴ ናቸው!»

አባቴ ባሉበት «ታማሚ» የሚለውን ቃል ተናግሬ አላውቅም ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅህ?» አሉ አባቴ ወደ መሪጌታ ሳይዞሩ።

«አሁን፤ ፊትህን ሳየው።»

ደማቸውን ሰጥተው በባጃጅ ስንመለስ መካከላቸው ተቀመጥሁ። ስለ ዜማ ያነሣ የለም። አባቴ የፈሩት ደረሰ አልሁ በልቤ። የዓባይ ድልድይ ጋ ስንደርስ አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና መሪጌታ ዘወትር ስሕተት ነው የሚሏቸውን ዜማ፣ ያንኑ ስሕተት ሳይተዉ፣ እስከ መጨረሻው አዜሙት። ከዚያ ጠበቁ።

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ። ድልድዩን ጨረስን። አባቴ እጄን ያዙኝ።

«አቁም ይኼን ባጃጅ!» ብለው መሪጌታ አንባረቁ። ነጂው ደንግጦ ጥግ ያዘ። «ይኼን ጩኸት እየሰማሁ አልሄድም! በልጅነትህ አልገባህ፣ ታመህም አልገባህ!»

«ያልገባህስ አንተን!» አሉ አባቴ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል። እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።